የጋቢና መስታወት ይወርዳል፣ አይወጣም፤ ኮሮላ 1999፤ ስዊች ነው ወይስ ሞተር?

ኮሮላ ጅማ፦

ሰላም ለቤቱ። መኪናው የ1999 ሞዴል ኮሮላ ነው፤ መሪው ከፋብሪካ በግራ የወጣ፣ አራቱም መስታወት በኤሌክትሪክ የሚሠራ። የጋቢናው መስታወት ከሾፌሩ ማስተር ስዊችም ከራሱ በር ስዊችም ያለ ችግር ይወርዳል። ለማንሳት ሲጫን ግን ከሁለቱም በኩል ዝም ነው፤ ድምፅም ንዝረትም የለም። ሌሎቹ ሦስቱ ደህና ናቸው። ፊውዙም አልተቃጠለም።

ጋራዥ ታይቶ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይቀየር» ተብሏል። ለጊዜው ዝናብ እንዳይገባ ከሞተሩ ሶኬት ላይ በቀጥታ ባትሪ ተሰጥቶት መስታወቱ ተዘግቷል። በሐምሌ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ክፍት የሚተው ነገር አይደለም። ሞተር ከአዲስ አበባ ከማዘዜ በፊት እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። ቴስተርና ካቻቢቴ አለኝ። ከየት ልጀምር?


የአጂፕ ኤሌክትሪሻን፦

ወንድሜ፣ ሞተር አትግዛ። መልሱ ራስህ በጻፍከው ውስጥ አለ፤ በቀጥታ ባትሪ ሲሰጠው መስታወቱን አንስቶታል። የደከመ ሞተር በቀጥታም ቢሰጡት ወይ አያነሳም ወይ እያቃሰተ ነው የሚያነሳው።

የመስኮት ሞተር ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ለመውረድ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ማሳ (ኔጌቲቭ) ይሆናል፤ ለመውጣት ይገለበጣል። ሞተሩም ሽቦውም ካርቦኑም ለሁለቱም አቅጣጫ ያው ነው። ስለዚህ መስታወት በአንድ አቅጣጫ በሙሉ ኃይል ሄዶ በሌላው ጭራሽ ዝም ካለ፣ ጥርጣሬው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ስዊች ውስጥ ያለው ኮንታክት ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ መውጣት ከመውረድ ይከብዳል። መሮጫ ጎማው ቆሽሾ ከያዘ ወይም ሞተሩ ከደከመ መስታወቱ ወርዶ ላይወጣ ይችላል። ያኔ ግን ለማንሳት ሲጫን ሞተሩ «ኡኡ» ይላል፣ የጣራው መብራትም ትንሽ ደብዘዝ ይላል። ያንተው ምንም ድምፅ የለውም። አሁኑ (የኤሌክትሪክ ፍሰቱ) ሞተሩ ጋ እየደረሰና እየተመለሰ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ መኪኖች የተሳፋሪው ስዊች የራሱ ማሳ የለውም። ማሳውን የሚያገኘው ከሾፌሩ ማስተር ስዊች በኩል ነው። ማስተሩ ሳይነካ ሲቀመጥ ወደ ጋቢና የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ሁለቱንም ከማሳ ጋር አገናኝቶ ይጠብቃል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ሲጫን የሞተሩ አንድ ጫፍ ፖዘቲቭ ያገኛል፤ ሌላው ጫፍ በዚያ ሽቦ አድርጎ ወደ ማስተሩ ይመለስና ማሳ ያገኛል። እዚያ ያለችው የማሳ ኮንታክት ከተቃጠለች የጋቢናው ስዊች አዲስ ቢሆንም አንዱ አቅጣጫ ይሞታል። ሾፌሩ ራሱ ሲያነሳም የሚያስፈልገው ያችኑ ኮንታክት ስለሆነ ከሁለቱም በኩል ነው የሚሞተው። ያንተ ምልክት ይኸው ነው።

ሽቦው ተቆርጦ ቢሆንስ? ያ ሽቦ ለመውረድ ጊዜ ደግሞ ከማስተሩ ፖዘቲቭ የሚያመጣው እሱ ነው። ሾፌሩ ማውረድ ስለሚችል ሽቦው ደህና ነው። የጋቢናው ስዊችም በዚሁ ምክንያት ነፃ ይወጣል። የቀረው የማስተሩ የማሳ ኮንታክት ነው።

ይህን ሳትገዛና ሽፋን ሳታወርድ ልታረጋግጠው ትችላለህ። የጋቢናውን ስዊች ብቻ ከእጅ መደገፊያው ላይ አንሳው። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልለህ ከጠርዙ ቀስ ብለህ ገፋ ካደረግከው ይወጣል። ሶኬቱን ምላሱን ተጭነህ ንቀለው፤ በሽቦው አትጎትት። በተለምዶ አምስት ሽቦ ታገኛለህ፦ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሁለቱ ወደ ሞተር፣ ሁለቱ ከማስተር የሚመጡ። ስድስተኛ ካለ የስዊቹ ትንሽ መብራት ነው። የሽቦ ቀለም ከአገር አገር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ በቀለም አትመን፣ በመለኪያ ለያቸው፦

ኳድሮውን (የመኪናውን ማስነሻ ቁልፍ) አብርተህ ከቦዲው ጋር 12 ቮልት የሚያሳየው ፖዘቲቩ ነው። ኳድሮውን አጥፍተህ ደግሞ ኦም ላይ አድርግ። እርስ በርስ ጥቂት ኦም ብቻ የሚያሳዩትና ከቦዲው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሁለቱ የሞተሩ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ከማስተሩ የመጡ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከቦዲው ጋር ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለባቸው። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አነካክተህ የራሱን ኦም እይ፤ 0.2 ወይም 0.3 ካሳየ እሱን ቀንስ። ከሁለቱ አንዱ ክፍት ወይም የሚዘል ቁጥር ካሳየህ ኮንታክቷን አገኘሃት። ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን።


ነጭ ቪትዝ፦

ይህ ሁሉ ልኬት ሳያስፈልግ ደብሊው ዲ 40 ስዊቹ ውስጥ በቀዳዳው ነፋ አድርግበትና 20 ጊዜ ላይ ታች ተጫነው። ብዙ ጊዜ ይመለሳል።


የአውቶ መምህርት፦

ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል እለምናለሁ። ለአንድ ሳምንት ስለሚሠራ ነው ሰው የሚያምነው። ዘይቱ የተቃጠለውን ጥቁር ዱቄት ከኮንታክቱ አጥቦ ያነሳውና በፕላስቲኩ ላይ፣ በፖዘቲቩና በማሳው መካከል ያነጥፈዋል። ዱቄቱ ካርቦንና የብረት ብናኝ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በመካከላቸው መንገድ ሲሠራ ስዊቹ ማንም ሳይነካው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

የሚታወቅ ማስረጃ አለው። ቶዮታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2012 በዓለም ዙሪያ 7.4 ሚሊዮን ያህል መኪና ለጥገና የጠራው በዚሁ በሾፌሩ የመስኮት ማስተር ስዊች ምክንያት ነበር። ከፋብሪካ ሲገጣጠም ግራሶው እኩል ስላልተቀባ ስዊቹ ሲጫኑት ይንቀራፈፍ ነበር፤ ባለቤቶች ደግሞ ከገበያ የተገኘ ማለስለሻ ሲነፉበት ሊቀልጥና ሊጨስ እንደሚችል ኩባንያው ራሱ አስጠንቅቋል። በ2015 ደግሞ 6.5 ሚሊዮን ያህል በማስተር ስዊች ግራሶ ጉዳይ እንደገና ተጠሩ፤ ያኔ የተጠቀሰው ከመፋቅ የሚመጣ የብረት ብናኝ የሚያስከትለው ሾርት ነው። የጠያቂው የ1999 ኮሮላ ከእነዚህ ጥሪዎች ውጪ ነው። በመንገዳችን ላይ ካሉት ከ2005 እስከ 2010 ከተሠሩት ያሪስ፣ ቪትዝና ኮሮላ ግን ብዙዎቹ ጥሪው የሚመለከታቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለተኛ እጅ ሆነው የገቡት ጥገናው ተደርጎላቸው ይሁን አይሁን ማረጋገጫ ከሌለ ስዊቹን ፈትቶ ማየት ይገባል።

ማጽዳት ካስፈለገ ስዊቹ ተነቅሎ፣ ተፈትቶ፣ ሲደርቅ የማይተርፍ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ወይም ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠቀሙ። ቤንዚን አይሆንም፤ ፕላስቲኩን ያሰነጥቃል፣ በሩ ውስጥ የሚቀረው ጋዝም ከብልጭታ ጋር አብሮ አይኖርም።


ነጭ ቪትዝ፦

መምህርት፣ ገብቶኛል። የኔን ስዊች ዛሬውኑ ነቅዬ አጸዳዋለሁ።


ኮሮላ ጅማ፦

እንደተባለው ለካሁ። ቴስተሩ በራሱ 0.2 ያሳያል። ከማስተር ከሚመጡት አንዱ 0.4 ኦም፣ ሌላው ከ40 እስከ 200 እየዘለለ አይረጋም። ሶኬቱን መልሼ ሰክቼ ለማንሳት ተጭኜ ሁለቱን የሞተር ሽቦዎች ከኋላ በመርፌ ነካሁ። አንዱ ከቦዲው ጋር 12.3 ቮልት፣ ሌላውም 12.2 ቮልት። ሁለቱም ፖዘቲቭ የሆኑት እንዴት ነው? ግራ የገባኝ ይህ ነው።


አባ ፊውዝ፦

ልጄ፣ ግራ ያጋባህ ቁጥር ነው ምርመራውን የዘጋልህ። ማሳው ሲጠፋ አሁኑ በሞተሩ ጠመዝማዛ ውስጥ ያልፍና ማዶ ይቆማል፣ መውጫ የለውም። ውኃ በቧንቧ ሄዶ የተዘጋ ቧንቧ ጫፍ ላይ እንደሚቆመው ማለት ነው፤ ግፊቱ አለ፣ ፍሰቱ የለም። በሁለቱም ጫፍ 12 ካየህ ማሳ ጠፍቷል። በሁለቱም ጫፍ ዜሮ ካየህ ፖዘቲቭ ጠፍቷል። አንዱ 12፣ ሌላው ዜሮ ሆኖ ሞተሩ ዝም ካለ ያኔ ሞተሩን ክሰስ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሞተር በከንቱ አይቀይርም።

ከመፍታትህ በፊት አንድ ነገር ጨምር። ቴስተር ብቻውን ይዋሻል፤ ሲለካ የሚያሳልፈው አሁን ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ በክር የቀጠነ ኮንታክትም 12 ቮልት ያሳየዋል። የመስኮት ሞተር ደግሞ ሲሄድ በተለምዶ ከ4 እስከ 8 አምፔር ይስባል፣ ጫፍ ደርሶ ሲታነቅ ከ15 በላይ። ስለዚህ ኮንታክትን በጭነት ፈትነው። አሮጌ የፊት መብራት ኤች 4 አምፖል ፈልግ፤ የ55 ዋቱ ክር 4.6 አምፔር ያህል ይወስዳል። የጋቢናውን ስዊች ንቀልና ከሶኬቱ ፖዘቲቭ ወደ አንደኛው የማስተር ሽቦ አምፖሉን ዘርጋ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው። በመጀመሪያው ደምቆ ይበራል፣ በሁለተኛው ወይ ይደበዝዛል ወይ ጨርሶ አይበራም። የአምፖሉን መስታወት አትንካ፣ በፍጥነት ይግላል። ከጽዳት በኋላም ያው አምፖል ነው ምስክርህ።

አሁን ማስተሩን ፍታው። የባትሪውን ኔጌቲቭ አውልቅ። ስዊቹ ያለበትን የእጅ መደገፊያ ክፈፍ ከኋላው ጠርዝ ጀምረህ አንሳ። ከሥሩ ስዊቹን ከክፈፉ ጋር የያዙ አጫጭር ብሎኖች አሉ፣ አብዛኛው ጊዜ ሦስት። ካቻቢቴህ ለጭንቅላታቸው በልኩ ይሁን፤ ብሎኖቹ ለስላሳ ስለሆኑ በትንሽ ስህተት ይላጣሉ። ከዚያ ቤቱን የያዙትን ምላሶች በየተራ ከፈት አድርግ። ምላሱ በብርድ ሰዓት ይሰበራል፤ ጠዋት ከሆነ ስዊቹን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አቆየው ወይም በእጅህ አሙቀው።

ከመክፈትህ በፊት ሰፊ ነጭ ጨርቅ ዘርጋ፤ አለዚያ ግልጽ ፌስታል ውስጥ አስገብተህ ክፈተው። በየቁልፉ ሥር ትንሽ ስፕሪንግና ዘንግ አለች፣ ትዘላለች፤ ስፕሪንግ ከጠፋች ጨዋታው አበቃ። በየደረጃው በስልክህ ፎቶ አንሳ።

ከውስጥ ለእያንዳንዱ መስታወት ሁለት ትናንሽ የመዳብ ምላሶች እንደ ሚዛን ተቀምጠው ታያለህ። ጫፋቸው ላይ ብርማ ነጥብ አለች። ደህናዋ ግራጫ ሆና ለስላሳ ናት። የተቃጠለችው ጠቁራ መሐሏ ጎድጉዷል፣ ዙሪያዋ ላይ ቡናማ የበሰለ ግራሶ ይደርቃል። የጋቢናውን ጥንድ ለይተህ አንዷ ከሌላዋ የባሰች መሆኗን እይ።

ጥቁሩን መጀመሪያ በአልኮልና በጥጥ ዘንግ አንሳ። ቀጥሎ የእርሳስ ላጲስ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ 1000 ወይም 1500 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀጭን አድርገህ ቆርጠህ በኮንታክቶቹ መካከል በቀላሉ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፍ። በሊማ ወይም በ120 ቁጥር ወረቀት የሚፍቅ ሰው አለ፤ የብሩ ሽፋን ስስ ነው፣ መዳቡ ከወጣ በየብልጭታው ይቃጠላል፣ በወራት ውስጥ እዚያው ይመለሳል። ጥልቅ ጉድጓድ ከቀረ አትግፋ።

በአንዳንድ ማስተር ስዊች የኋላ መስታወቶቹ ምላሶች ከጋቢናው ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ብዙ የማይነኩ ስለሆኑ አዲስ ይመስላሉ። ጎን ለጎን አስቀምጠህ ከተመሳሰሉ የተጎዳችውን ከኋላ በር ጋር ማለዋወጥ ትችላለህ። ግን ተቀባዩ የቆመ ነጥብም መጽዳት አለበት፤ እሱ ጎድጉዶ ከሆነ አዲሷ ምላስም አትቆይም።

ስትገጥም ግራሶ የሚነካው ቁልፉ የሚዞርበትን ዘንግና የሚንሸራተትበትን ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ሲሊኮን ግራሶ፣ የክብሪት እንጨት ጫፍ ያህል። ኮንታክቱ ፊት ላይ ቫዝሊን የሚቀባ አለ፤ በመጀመሪያው ብልጭታ ይበስላል።


የአጋሮ መንገድ፦

ጥያቄ ልጨምር። የኔው ሁሉም መስታወት ይሠራል፣ ግን አራቱም ይዘገያሉ፣ በተለይ ሲወጡ። የሾፌሩ ስዊችም ሞቅ ይላል። ከባትሪው ነው?


የአጂፕ ኤሌክትሪሻን፦

ስዊቹ በእጅ የሚታወቅ ሙቀት ካለው እዚያ ውስጥ ኃይል እየጠፋ ነው፤ ለማንኛውም እስክታየው ድረስ በተደጋጋሚ አትጠቀምበት።

አራቱም ከዘገዩ የጋራ መንገዳቸውን ፈልግ፦ ባትሪ፣ ኳድሮ፣ ሪሌ፣ ሰርኪት ብሬከር፣ ወደ ሾፌሩ በር የሚገባው ወፍራም ፖዘቲቭ፣ የማስተሩ ማሳ። የመኪናው ሞተር እንደተነሳ (ዲናሞው 13.8 እስከ 14.4 ቮልት እየሰጠ) ረዳት አንድ መስታወት እያነሳ አንተ የጠፋውን ቮልት ለካ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በማስተሩ ሶኬት ፖዘቲቭ ላይ። 0.5 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ደህና ነው። ከ1 ቮልት ካለፈ መንገድ ላይ ችግር አለ፣ ወደ ኋላ እየተመለስክ በየሶኬቱ ለካ፤ ቁጥሩ የሚዘልበት ቦታ ጥፋቱ ነው። ከዚያ በማሳውም በኩል ተመሳሳዩን፦ ከማስተሩ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ። የማሳ ብሎን ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ ሥር ከግራው ምሰሶ ላይ ነው፤ ምንጣፉ እርጥብ ከሆነ እዚያ ዝገት አለ።

ብሬከሩን በተመለከተ፦ በብዙ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ለመስኮት ከፊውዝ ይልቅ 30 አምፔር ሰርኪት ብሬከር ነው ያለው። አንዳንዱ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ሲዘል ቀጭን ሽቦ አስገብተህ «ጠቅ» እስኪል ትገፋለህ። በቦታው ከ30 አምፔር በላይ የሆነ ፊውዝ አትተካ፣ ሽቦ ጠቅልሎ መተካት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ በሩ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ነው ፊውዝ የሚሆነው።

ሞተሩ የሚስበውን አምፔር ለመለካት ቴስተሩን በቀጥታ አትጠቀም፣ የብዙዎቹ ገደብ 10 አምፔር ስለሆነ የውስጥ ፊውዙ ይነዳል። ሽቦውን የሚከብ ክላምፕ መለኪያ ካለህ ዲሲ የሚለካ መሆኑን እይ፤ ርካሾቹ ኤሲ ብቻ ናቸው።

ኤሌክትሪኩ ደህና ሆኖ ከዘገየ ጎማው ነው። በዚህ በኛ አካባቢ ደረቁ ጊዜ ላይ ቀይ አቧራና የቡና ገለባ ብናኝ መሮጫው ውስጥ ይሞላል፣ ክረምት ሲገባ ይቦካና ሲደርቅ ይጠነክራል። በሳሙና ውኃና በጥርስ ብሩሽ አጥበህ አድርቅ፣ ሲሊኮን ስፕሬይ በጨርቅ ላይ ነፍተህ ጎማውን አሽ። የሞተር ዘይት አትቀባ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ አቧራ ይሰበስባል። መሮጫው ቀና ከሆነ በኋላ መስታወቱ ከታች እስከ ላይ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ አካባቢ ሊወስድበት ይገባል።

ደጋግመህ ላይ ታች ስታደርገው ድንገት ከቆመና ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ከተመለሰ አትደንግጥ። ሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚቆርጥ መከላከያ አለ። ለፈተና ስትጫን እረፍት ስጠው።


ቪትዝ ቆጪ፦

የኔ ከጃፓን መጥቶ መሪው ወደ ግራ የተዛወረ ነው። የኋላ መስታወቶቹ ከራሳቸው በር አይሠሩም፣ ከማስተሩ ግን ይሠራሉ። ማስተር ልግዛ?


የአውቶ መምህርት፦

በመጀመሪያ በማስተሩ ላይ ያለውን የመቆለፊያ ቁልፍ ተጭነው ይልቀቁት። እሱ ሲቆለፍ የሚሆነው ይኸው ነው። የሚያስቅ ቢመስልም በዚህ ምክንያት የተፈታ በር ብዙ ነው። ተለቆም ካልሠራ መቆለፊያው ራሱ ላይቆርጥና ላያገናኝ ይችላል፤ ወደ ኋላ በሮች የሚሄደው ፖዘቲቭ በየበሩ ሶኬት ላይ 12 ቮልት መኖሩን ይለኩ። ሁለቱም በሮች ላይ ከሌለ ማስተሩ ወይም የጋራው ሽቦ ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ ከሌለ ያ በር።

መሪው የተዛወረ መኪና ላይ ግን ከስዊቹ በፊት መታየት ያለበት መገጣጠሚያው ነው። ማስተሩ ከቀኝ በር ወደ ግራ በር ሲዛወር ገመዱ ተራዝሟል። መገጣጠሚያዎቹ ብዙ ጊዜ ከምንጣፍ ሥርና ከእግር ጎን ካለው ሽፋን ኋላ ተጠምዝዘው በናስትሮ ብቻ የታሰሩ ናቸው። ናስትሮው እርጥበት ይዞ ያስቀምጣል፤ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው እስኪጠፋ ቆርጠው አዲስ መዳብ ላይ በካውያና በሊድ ይበይዱ፣ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ ያልብሱት፣ መገጣጠሚያዎቹ ጎን ለጎን እንዳይገጥሙ ከፍና ዝቅ ያድርጓቸው።

ማስተር መግዛት ካስፈለገ በስሙ አይግዙ። ገመዱ የቀኝ መሪ ሆኖ ሳለ የግራ መሪ ስዊች ከሰኩበት አቀማመጡ ሊገለበጥ፣ ፖዘቲቩ ማሳ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፦ የሶኬቱ ቅርጽ፣ የፒኑ ብዛት፣ ባዶ የሆኑት ጉድጓዶች ቦታ፣ የአውቶ ቁልፍ (አንዴ ተጭነው ሲለቁት መስታወቱን እስከ ጫፍ የሚወስደው) መኖርና አለመኖር፤ አራቱም አንድ ካልሆኑ አይሰኩ። ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ቴስተር ይያዙ። ቁልፎቹ ሳይነኩ ወደ ሞተር የሚሄዱት ፒኖች ሁሉ ከማሳ ፒኑ ጋር ዜሮ ማሳየት አለባቸው፤ አንዱን ቁልፍ ሲጫኑ ከጥንዱ አንዷ ብቻ ከማሳ ተላቃ ወደ ፖዘቲቩ ፒን መሄድ አለባት። (የሾፌሩ መስታወት አውቶ ያለው ከሆነ በውስጡ ትንሽ ሰርኪት ስላለ በኦም ብቻ አይፈረድበትም።) አውቶው ጠፍቶ በእጅ ሲይዙት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ያ ሰርኪት ላይ የተሰነጠቀ ብየዳ ይፈልጉ፤ በማጉያ ሲታይ በፒኑ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ነው።


የአጋሮ መንገድ፦

ማስተሩ ካልተገኘ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው ሁሉ አቀፍ ስዊችስ?


አባ ፊውዝ፦

ይሆናል፣ በቅድመ ሁኔታ። አምስት ፒን ያለው፣ ሲለቁት ወደ መሐል የሚመለስና መሐል ላይ ሁለቱንም የሞተር ጫፍ ከማሳ የሚያገናኝ መሆን አለበት። የመብራት ማብሪያ ሆኖ ተጭኖ የሚቀር ስዊች ከገጠምክ ሞተሩ ጫፍ ላይ ታንቆ ይነዳል። ለእያንዳንዱ መስታወት 20 አምፔር ፊውዝ፣ ፖዘቲቩ ከኳድሮ በኋላ በሪሌ በኩል። ደግሞ የተሳፋሪው ስዊች ማሳውን ከማስተር እንደሚያገኝ አትርሳ፤ ማስተሩን አውጥተህ ሁለቱን ሽቦ ከማሳ ጋር ካላገናኘህ የተሳፋሪዎቹ ስዊች ሁሉ ይሞታል።

ስለ በሩ ጎማ ቧንቧም ልበል፣ እስካሁን ማንም ስላላነሳው። በበሩና በምሰሶው መካከል ያለው ጎማ ውስጥ ሽቦዎቹ በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ። ዕድሜ ሲገፋ መዳቡ ከውስጥ ይበጠሳል፣ ሽፋኑ ግን ደህና ይመስላል። ምልክቱ መምጣትና መሄድ ነው፦ ቁልፉን ተጭነህ በሩን ቀስ ብለህ ክፈት ዝጋ፤ በሆነ ማዕዘን ከሠራና ከጠፋ እዚያ ነው። ጎማውን ከምሰሶው በኩል አውልቀህ እያንዳንዱን ሽቦ በሁለት ጣት ቀስ ብለህ ሳብ፤ የተበጠሰው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በቤት ኤሌክትሪክ ድርቅ ያለ ሽቦ አትቀጥል፣ በሳምንታት ይሰበራል። ብዙ ክር ያለው 2 ካሬ ሚሊሜትር ተጣጣፊ ሽቦ ውሰድ፣ ከመታጠፊያው ውጪ ሁለቱም ጫፍ ላይ በይድ፤ ብየዳ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከሆነ ከጎኑ ይበጠሳል።


ኮሮላ ጅማ፦

ጋሽ አባ ፊውዝ፣ አጂፕ፣ መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስተሩ ተፈታ። የጋቢናው ጥንድ አንዷ ነጥብ ጥቁር ሆና መሐሏ ትንሽ ጎድጉዷል፣ አጠገቧ ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ነው፤ የደረቀ ማኪያቶ የመሰለ ስኳርም በቁልፉ ሥር ተጣብቆ ነበር። ስኳሩ በሞቀ ውኃ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥቁሩ በአልኮልና በላጲስ፣ ጉድጓዷ በ1500 ቁጥር ወረቀት ሁለት ጊዜ። የኋላ በር ምላሶች ተመሳሳይ ስለነበሩ አለዋወጥኳቸው። አሁን ያ የሚዘልለው ሽቦ 0.4 ኦም ረግቷል። ኤች 4 አምፖሉ በሁለቱም እኩል ደመቀ። መስታወቱ በ5 ሰከንድ ይወጣል። ሲወጣ ከማስተሩ ማሳ ኮንታክት ላይ የሚጠፋው 0.3 ቮልት ነው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቡናማው ፕላስቲክ ያሳስባል? የጋራዡ ሰው መስታወቱን በቀጥታ ሲያነሳ የበሩን ውስጠኛ ፕላስቲክ ቀዶታል፤ መተካት አለበት?


የአጂፕ ኤሌክትሪሻን፦

ቡናማው ጠንካራ ከሆነና በጥፍር ሲጫን ካልፈረሰ ይቆያል። ከተለሰለሰ ወይም ምላሷ የምትቀመጥበት ቦታ ከተዛባ ስዊቹን ቀይር፣ ጽዳት አያድነውም። ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ 0.3 ቮልት እዚያው ቦታ ለካ። ከ0.8 ካለፈ ብሩ አልቋል ማለት ነው፣ ሌላ ማስተር መፈለግ ጀምር።

ፕላስቲኩን ዛሬውኑ ተካው። ዝናብ በመስታወቱ ጎማ በኩል በሩ ውስጥ መግባቱ ያለ ነገር ነው፤ በታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ያ ፕላስቲክ ነው ውኃው ወደ ስዊችና ወደ ሶኬት እንዳይሻገር የሚከለክለው። ወፍራም የግንባታ ፕላስቲክ በአሮጌው ልክ ቁረጥ፣ ታችኛው ጫፉ ወደ በሩ ውስጥ ገባ ብሎ ውኃውን ወደ ቀዳዳው እንዲጥል አድርግ። ለማጣበቂያ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አትጠቀም፣ አሲዱ መዳብ ይበላል፤ ጥቁሩን የሚለጠጥ የመስታወት ማጣበቂያ ፈልግ። ስትጨርስ የበሩን ታች ቀዳዳዎች በሽቦ ጥረግና አንድ ብርጭቆ ውኃ በመስታወቱ ጠርዝ አፍስስ፤ ወዲያው ከታች መንጠባጠብ አለበት።